የቻርልስ ኤሊስ ስሌት

ሰሞኑን ማታ ማታ ስለ ጎልደን ጌት ድልድይ እያነበብኩ ነው። የሳንፍራንሲስኮውን፣ ቀዩን። ፎቶውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን ከድልድዩ በላይ የያዘኝ አንድ ሰው ነው፤ ቻርልስ ኤሊስ ይባላል።

ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ነበር። በ1921 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው የመጀመሪያ ንድፍ ግማሹ ብቻ ተንጠልጣይ (በገመድ የተሰቀለ) የሆነ፣ ዓይን የማይስብ ከባድ የብረት ክምር ነው። እንኳንም ቀረ! ሙሉ በሙሉ ተንጠልጣይ ይሁን ያለው ሌላው የድልድይ መሐንዲስ ሊዮን ሞይሴፍ ነው። ሐሳቡን ወደ ቁጥር የመለወጡ ሸክም ደግሞ ለስትራውስ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ኤሊስ ላይ ወደቀ።

ያኔ ኮምፒውተር የለም። በሁለቱ ማማዎች መካከል 1280 ሜትር ክፍተት አለ። መንገዱ የተንጠለጠለባቸው ሁለት ዋና ገመዶች እያንዳንዳቸው 27,572 ሽቦ ይዘዋል፤ ጫፋቸው ዳርና ዳር ግዙፍ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሯል። ከዚያ የውቅያኖሱ ነፋስ አለ። ነፋሱን ገትሮ መቋቋም አይቻልም፣ ድልድዩ አብሮት መሄድ አለበት። መሃሉ ወደ ጎን እስከ 8.4 ሜትር ድረስ እንዲንቀሳቀስ ታስቦ ነው የተሠራው። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ምን ማለት እንደሆነ በሙያው ያለ ሰው ያውቀዋል።

በ1931 መጨረሻ ስትራውስ ጊዜና ገንዘብ ታባክናለህ ብሎ አባረረው። ኤሊስ ግን ስሌቱን አልተወም። ሥራ በጠፋበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ለወራት ቁጥሮቹን መላልሶ ሠራ። እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ። እኔም ባሰላሁት ሥራ ላይ የሌላ ሰው ስም ብቻ ሰፍሮ አይቻለሁ፤ ያማል። ከተባረሩ በኋላ ግን ያለ ደሞዝ መቀጠል? እኔ አላደርገውም ነበር።

ድልድዩ በ1937 ሲከፈት የመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ የኤሊስ ስም አልነበረም። ስትራውስ ሐውልት ቆሞለታል። ይገባዋል፤ ፖለቲከኛውን ሁሉ ለዓመታት ያሳመነው እሱ ነው። ከሠራተኞቹ ሥር መረብ ያስዘረጋውም እሱ ነው፣ መረቡም 19 ሰው አትርፏል። ግን የኤሊስ ስም ቢጻፍ ከእሱ ክብር ምን ይጎድል ነበር?

ኤሊስ በ1949 ሞተ። ለእሱ ሰሌዳ የተሰቀለው በ2012 ነው። ምህንድስና ስማር ስሙን አንድም ቀን አልሰማሁም። ነገ ቢሮ ላሉት ጀማሪ ኢንጂነሮች ታሪኩን እነግራቸዋለሁ።