ብስልና ጥሬ በኮታካል

ኮታካል የገባሁት በሐምሌ ዝናብ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አርያ ቫይድያ ሳላ የተባለው የባህል ሕክምና ተቋም ያለባት፣ በደቡብ ሕንድ የኬረላ ግዛት ከተማ ናት። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ የፈላ ዘይትና የቅጠል ሽታ አወደኝ። ወሩን ካርኪዳካም ይሉታል። እንደኛው ክረምት ነው፤ ሰው ሰውነቱን የሚጠግንበት ወር።

እኔ ለሕክምና አልሄድኩም። አዩርቬዳ የሚባለውን የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ቃላት ለመማር ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መዝገብ እየገለበጥኩ የሞላሁት ደብተር ይዣለሁ። "አማ" ለሚለው ቃል "መርዝ" ብዬ ጽፌ ነበር። አስተማሪያችን ቃሉን ባነሱ ቁጥር ግን መርዙ ከየት እንደሚመጣ ሊገባኝ አልቻለም።

የገባኝ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ባረፍኩበት ቤት የምታበስለውን ሴት ሁሉም "ቼቺ" ይሏታል፤ እትዬ እንደማለት። የካርኪዳካምን ካንጂ ጥዳ ነበር። እንደ አጥሚት ያለ ነው፤ ኛቫራ የሚባል ሩዝ፣ አብሽና የኮኮናት ወተት ይገባበታል። አንዲት ፍሬ በጭልፋ አወጣችና በሁለት ጣቷ ጨፈለቀቻት። ዳር ዳሩ ልሟል። መሐሉ ላይ ግን ጠንከር ያለ ነጭ ነጥብ ቀርቷል። ራሷን ነቀነቀችና ክዳኑን መለሰችው።

በነጋታው ይህን ለአስተማሪያችን ነገርኳቸው። "ያ ነጭ ነጥብ አማ ነው" አሉኝ።

አግኒ የሆድ እሳት ነው። እሳቱ ያላበሰለው አማ፣ ያበሰለው ፓክቫ ይባላል። ፓክቫ ለሩዙም፣ ዛፍ ላይ ለደረሰው ማንጎም፣ ሆድ ውስጥ ለተፈጨው ምግብም ይሆናል። እኛስ? ወጡም በሰለ፣ ማንጎውም በሰለ እንል የለ! "መርዝ" የሚለውን ሰርዤ "ጥሬ" ብዬ ጻፍኩ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በእንግሊዝኛ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ አማርኛዬ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ሐኪሙ "ቫይድያ" የሚባለው ማወቅ ከሚል ሥር ነው፤ እኛም የባህል ሐኪሙን "አዋቂ" እንላለን። ዝንጅብል በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ሽሪንጋቬራ ነው። የኛው "ዝንጅብል" ራሱ ከዚያ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ ቃል ነው።

ያስቸገረኝ ቫታ ነው፤ አዩርቬዳ ሰውነትን ይመራሉ ከሚላቸው ሦስት ኃይሎች አንዱ። ፍቺው ነፋስ ነው ይላሉ። ግን የኬረላ ሐኪሞች አብዝተው የሚማሩበት አሽታንጋ ህሪዳያም የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ስድስት ባሕርይ ይሰጠዋል፤ ደረቅ፣ ቀላል፣ ቀዝቃዛ፣ ሻካራ፣ ረቂቅ፣ ተንቀሳቃሽ። ትንፋሽም እርምጃም የሱ ሥራ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመምም በሱ ይሳበባል። እናቴ ጉልበቷን ሲቆረጥማት "ብርድ ነው" ትላለች። "ብርድ" ብዬ ጻፍኩ፤ ትንፋሹ ቀረብኝ። "ነፋስ" ብዬ ጻፍኩ፤ ቁርጥማቱ ቀረብኝ። ሁለቱንም ሰርዤ "ቫታ" ብዬ ተውኩት።