ጥር 10 ወይስ 11? ከአንድ የልደት ምዝገባ ገጠመኝ

ባሕር ዳር ካሉት የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ፣ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንድ ቤተሰብ ሴት ልጁን ሊያስመዘግብ ይመጣል። አባትና እናት የነዋሪነት መታወቂያቸውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውንና ልጅቱ ከተወለደችበት ጤና ተቋም የተሰጣቸውን የልደት ማሳወቂያ ይዘዋል። አያትየዋም አብረው አሉ። ልጅቱ ክርስትና የተነሣችው ገና በዚያው ሰሞን ነው።

የችግሩ ግማሽ እዚሁ ላይ ነው። የወቅታዊ ምዝገባ ጊዜ ከልደት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ነው። ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ለወረቀቱ 50 ቀን ይተርፋል፤ ሴት በ80 ስለምትነሣ የሚቀረው 10 ብቻ ነው። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው መጠሪያ ስም እንጂ የክርስትና ስም አይደለም። መጠሪያው ቤት ውስጥ ከተወሰነ ድግሱን የሚያስጠብቅ ነገር የለም፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ይጠብቃል።

መዝጋቢዋ ማሳወቂያውን ተቀብላ፣ «ጥር 11 ነው የተወለደችው?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በከተራው ነው ልጄ! ጥር 10» አሉ አያትየዋ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር፣ እማማ?»

«ዶሮ ሳይጮኽ። ሰባት ሰዓት ቢሆን ነው።»

አያትየዋ አልዋሹም፤ አዋላጇም አልተሳሳተችም። በቤት ልማድ ሌሊቱ ሳይነጋ ቀኑ አይለወጥም። በማዋለጃ ክፍል መዝገብ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ቀኑ ተቀይሯል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ለጥምቀት አጥቢያ የተወለደች ልጅ ለአያቷ የጥር 10፣ ለአዋላጇ የጥር 11 ናት። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝጋቢዋ የማሳወቂያውን ቀን ጽፋ፣ ምክንያቱን ለአያትየዋ አስረድታ ትጨርስ ነበር።

ያስቆማት የፈረንጁ ቀን ነው። ከጥር 11 ጎን ጃንዋሪ 19 ተብሎ ተጽፏል። በአብዛኛው ዓመት ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ማንም በቃሉ የሚያውቀው ነው። በ2016 ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ተገፍቷል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግሥት ሁሌም እንዲሁ ነው፤ ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ በራሷ እስክሪብቶ 19ን 20 ብታደርገውስ? አይሆንም። በ2016 ጃንዋሪ 19 የሚውለው ጥር 10 ላይ ነው፤ አያትየዋ የሚሉት ቀን ማለት ነው። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው፣ የተሳሳተው የፈረንጁ ቀን ይሁን የኢትዮጵያው መለየት አይቻልም። የሚለየው የማዋለጃው መዝገብ ላይ ያለው ሰዓት ነው። ስለዚህ አባትየው ወደ ጤና ተቋሙ ተመለሰ፤ መዝገቡ ታይቶ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ጥር 11፣ ጃንዋሪ 20 የሚል አዲስ ማሳወቂያ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት መጣ። 90ው ቀን ሚያዝያ 11 ላይ ሳይሞላ ልጅቱ ተመዘገበች። ጥቂት ቀን ቢንጓተት ኖሮ ፋይሉ ወደ ዘገየ ምዝገባ ይዞር ነበር።

አንድ ቀን ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ሁለቱም ቀን ይታተማል። ትምህርት ቤት የኢትዮጵያውን ይገለብጣል፣ ፓስፖርት ላይ የሚወጣው የፈረንጁ ነው፤ ሁለቱ ሳይጣጣሙ ልጅቱ ታድጋለች። መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ የልደት ቀን ማስለወጥ ደግሞ ፍርድ ቤት ያስሄዳል።

ማሳወቂያው መነበብ ያለበት ከማዋለጃው ሳይወጡ ነው፤ እዚያ ማረም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሕፃኑ ጾታ፣ ሁለቱም ቀናት፣ የእናት ስም እስከ አያት፣ የአባት ስም እንደ መታወቂያው። ኃይሉ እና ሀይሉ፣ ሠናይት እና ሰናይት ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመዝገብ ግን አይደሉም። ምስክር ወረቀቱ በእንግሊዝኛም ስለሚጻፍ ወላጅ ፓስፖርት ካለው ይዞ ይምጣና ስሙ ከዚያ ላይ ይገልበጥ።

ለምስክር ወረቀቱ የሚሆነውን የልጁን ፎቶ በተመለከተ፣ አራስ ልጅ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ነጭ አንሶላ ላይ በጀርባ አስተኝቶ ከላይ ማንሣት ነው፤ የደጋፊ እጅ እንዳይታይ፣ ዓይን እንዲገለጥ። ጠግባ ልትተኛ ስትል ከተወሰደች ፎቶ ቤት ውሎ መግባት አለ።

ጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ መጥታ ባሕር ዳር የወለደች እናት የምታስመዘግበው በምትኖርበት ቀበሌ ነው። ማኅተሙ ካልተነበበ ወይም ቀኑ ከተዛባ ተመልሳ የምትመጣው እንደገና በጀልባ ነውና፣ ወረቀቱን አዋላጇ ፊት ቆማ ታስነብበው።