የቪትዜ ሲቪ ጆይንት፦ የቀኙን ቀየርኩ፣ የግራውን አተረፍኩ

ቪትዜ ወደ ግራ ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ማለት ጀመረች። ቀስ ብዬ ስዞር ድምፁ ይዘገያል፤ ነዳጅ ስጨምር ይፈጥናል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን ጭጭ ነው። ሲቪ ጆይንት ጉልበቱን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ (አክስል) ጫፎች ላይ ያለ ተጣጣፊ መጋጠሚያ ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውጭኛው ነው፣ ጎማው ጋ ያለው። ካምቢዮው ጋ ያለው የውስጠኛው ሲያልቅ ጠባዩ ሌላ ነው። በተለይ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ወደ ግራ ሲታጠፉ ሸክሙ የሚያርፈው ቀኝ ጎማ ላይ ስለሆነ፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው። ለማረጋገጥ መስኮቶቹን ከፍቼ፣ የግንብ አጥር ተጠግቼ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ቀስ እያልኩ ዞርኩ። ግንብ ድምፁን መልሶ ያመጣዋል፤ ሜዳ ላይ የማይሰማው እዚያ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ከዚያ በክሪክ አንስቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀኝ በኩል የቸርኬው የውስጥ ገጽ ዙሪያውን ጥቁር ግሪስ ተረጭቶበታል። ጆይንቱን የሚሸፍነው የተጣጠፈ የላስቲክ ቡት ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ ውስጡ ጭቃ ሞልቷል። በግራ በኩል ደግሞ አንዱ እጥፋት ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አለች። ግሪሱ ገና ብቅ ማለቱ ነው፤ ድምፅም የለም። አንድ መኪና፣ ሁለት የተለያየ ችግር።

አንድ ጋራዥ ወስጄ ሳሳይ፣ ሳይፈቱ ገና «ሁለቱም አክስል ሙሉ ይቀየር» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የጨረሱ ጎረቤት አሉን። እሳቸው ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ቡት ብቻ ብንቀይርስ?»

«የግራውን ፈትተን አይተን እንወስናለን። የቀኙ ግን ድምፅ አውጥቷል አልከኝ፤ አሁን ቡት ብታለብሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭኛው ጆይንት ውስጥ 6 የብረት ኳሶች አሉ። በብረት ቀፎ ተይዘው በተቦረቦሩ መንገዶች ላይ ይመላለሳሉ። ጎማው በታጠፈ ቁጥር ጉልበቱን ሳያቆራርጡ የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ይህን ንድፍ ያወጣው አልፍሬድ ዜፓ የሚባል መሐንዲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ። በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ የፊት ጎማዎቿን የምታሽከረክረው በዚሁ ዓይነት ጆይንት ነበር። በግሪስ እስከተዋጠ ድረስ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቡቱ ተቀዶ የአዲስ አበባ አቧራ ከገባበት ግን ግሪሱ መሞረጃ ይሆናል። ክረምት ሲመጣ ውሃና ዝገት ይጨመርበታል።

ወደ ሥራው። የአክስሉን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ ማላላት ይሻላል። መጀመሪያ ተቀጥቅጦ የገባውን የዳዶውን ከንፈር በመሮ መለስነው። እኔ ፍሬን ይዤ፣ ጋሼ ባለ 30 ቁልፍ ላይ ቧንቧ ቀጥለው ተጫኑት። ከዚያ መኪናውን አንስተን በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍነው። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የታችኛውን ቦል ጆይንት አላቅቀን የጎማውን እምብርት ወደ ውጭ ስንጎትት የአክስሉ ጫፍ ወጣ። እምቢ ሲል ጥርሱን በመዶሻ መምታት የለም፤ አሮጌውን ዳዶ በጫፉ ልክ መልሶ በእንጨት ላይ መምታት ነው። በካምቢዮው በኩል ደግሞ ዘንጉን ይዞ መጎተት አያስፈልግም፤ የውስጠኛው ጆይንት ሊበታተን ይችላል። ከሥሩ በብረት ፈንቅሎ ማውጣት ነው። ዘይት ስለሚፈስ ሳፋ ይቀመጥ።

ፍርዱ የተሰጠው ሞርሳው ላይ ነው። የቀኙን በቤንዚን አጥበን ኳሶቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ሸካራ ጉድጓዶች ነበሩ። ጥፍሬን ስጎትትበት ይይዛል። አለቀ፣ አዲስ ጆይንት ነው የሚያስፈልገው። የግራው ሲታጠብ ኳሶቹ የሄዱበት መስመር ያብረቀርቃል እንጂ ጥፍር አይዝም፤ ቀፎውም ውስጥ አይንጓለሉም። ኳሶቹን ምልክት አድርገንባቸው ስለነበር እያንዳንዱን ወደነበረበት መለስነው።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ፣ አሮጌውን ጆይንት በፌስታል ይዤ። ይህን በጣም እመክራለሁ። «የቪትዝ ነው» ብሎ መግዛት አይበቃም። የውስጡንና የውጭውን ጥርስ መቁጠር ነው። መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ካለው ቀለበቱ ላይ ያሉት ጥርሶችም መመሳሰል አለባቸው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ አክስል ይገኛል፤ ርካሽም ሊሆን ይችላል። ግን ቡቱ ደህና ስለመሰለ ውስጡ ደህና ነው ማለት አይደለም። እዚያው ፈትቶ የሚያሳይ ሻጭ ደግሞ አላገኘሁም። አክስሉን ሳይፈቱ የሚገጠም፣ በማጣበቂያ የሚዘጋ ባለስንጥቅ ቡትም አሳይተውኝ ነበር። አልወደድኩትም። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ግሪስ ከነካው በደንብ አይጣበቅም። እኛ ደግሞ ስንሠራ ግሪስ የማይነካው ነገር የለም።

ግሪሱ ተራ ግሪስ አይደለም። ሞሊብዲነም ያለበት፣ ጥቁር፣ ለሲቪ ጆይንት የተሠራ ነው። ከቡቱ ጋር የመጣውን በሙሉ ተጠቀምን፤ ኳሶቹ መሃል እየጠቀጠቅን፣ የቀረውን ቡቱ ውስጥ። ትንሹን ማሰሪያ ከማጥበቃችን በፊት ጋሼ በቀጭን ካቻቢቴ የቡቱን ከንፈር ብድግ አድርገው አየር አስወጡ። አየር ታፍኖ ከቀረ ቡቱ ይነፋል ወይ ይጨማደዳል፣ ከዚያ መቀደዱ አይቀርም። ማሰሪያውም የራሱ የብረት ማሰሪያ ይሁን። ብዙ ቦታ በሽቦ ይጠፍሩታል፤ ሽቦ ላስቲኩን ይቆርጣል።

ስንገጥም አዲስ ዳዶ ተጠቀምን። የእኔ መኪና ልክ 216 ኒውተን ሜትር ስለሆነ መለኪያ ያለው ቁልፍ ተውሼ አጠበቅኩት። ከንፈሩንም መልሰን ቀጠቀጥነው። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን ጎማው ላይ ማሳረፍ ወይም መግፋት የጎማውን ኩሽኔታ ሊጎዳ ይችላል። የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይት ተክተን ወጣን።

እዚያው የግንብ አጥር ጋ መሪውን ግራም ቀኝም እስከ ጥግ አዙሬ ሞከርኩት፤ ዝም። አሁን ዘይት ባስቀየርኩ ቁጥር የሁለቱንም ቸርኬ የውስጥ ገጽ በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ። እስካሁን የሚወጣው አቧራ ብቻ ነው።