ከውሃ ቧንቧ የተሠራው ምድጃ

ምናለሽ ተራ ባለ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ክረምቱ ሲበረታ ሠራተኞቹ ቡና የሚያፈሉበትና ሽሮ የሚሠሩበት የእንጨት ምድጃ ከቁርጥራጭ ለመሥራት ተነሡ። ዕቃው እዚያው ነበር፤ ባለ 20 ሊትር የቀለም ጣሳ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ ባለ 4 ኢንች የውሃ ቧንቧና የፌሮ ብጥስጣሽ። ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲወርድ፣ ወጣቱ በያጅ በሩን ዘግቶ ቧንቧውን በኤል ቅርጽ በየደው። ከኤሌክትሮዱ ጫፍ ነጭ ጭስ እየተነሣ፣ ጥጥ የመሰለ ብናኝ ጓንቱ ላይ ሲያርፍ እያየ ሥራውን ጨረሰ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ አፉን ብረት ብረት አለው። ቀጥሎ ብርድ ብርድ፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳል። ጠዋት ለአለቃው ደወለ።

«ጋሼ፣ ወባ ሳይዘኝ አልቀረም።»

«ቆላ መች ወረድክና ነው? ይልቅ ትናንት የበየድከው ቧንቧ ጋልቫናይዝድ ነው ጥቁር?»

ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር። የውሃ ቧንቧ እንዳይዝግ ዚንክ ይለበጣል፤ ጋልቫናይዝድ የሚባለው ይህ ነው፣ ጥቁር የሚባለው ያልተለበጠው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ በ907 ዲግሪ ይተናል፤ ብረት የሚቀልጠው ግን ወደ 1,500 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ብየዳው ሳይያያዝ ዚንኩ ተኖ፣ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ያን ነጭ ብናኝ ይሆናል። ብናኙን መተንፈስ የሚያመጣው ሕመም ወዲያው አይጀምርም፤ ከ4 እስከ 10 ሰዓታት ያህል ስለሚዘገይ ብዙ በያጅ ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። በየቀኑ የሚበይድ ሰው ሰውነቱ ጥቂት ይለምደዋል፤ እሑድን ሲያርፍ ግን ልማዱ ስለሚጠፋ ሰኞ ይብሳል። በያጆች የሚመኩበት ወተትም አያድንም፤ ብናኙ የሚገባው ሳንባ ነው፣ ወተቱ ሆድ። ደረት ካፈነ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

«ፍቀን እንጠቀምበት» ያለም ነበር። የውጪው ልባጭ በግራይንደር ይለቃል፤ የውስጡን ግን ዲስኩ አይደርስበትም፤ ቧንቧው ተጣለ። አዲስ ልባጭ የብር መልክና የሚያብረቀርቅ ዝንጉርጉር ስላለው ያስታውቃል። ሲያረጅ ግን ይደበዝዝና ያሳስታል፤ ያጠራጠረ ብረት ለእሳት ባይውል ይሻላል።

በምትኩ ያልተለበጠ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ተገኘ። የቆመው ክፍል 30 ሴንቲ ሜትር፣ የተኛው ማገዶ መግቢያ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ በሩ ተከፍቶ ተበየደ። ጣሳው በደንብ ታጥቦ ደረቀና ከጎኑ፣ ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መግቢያው የሚያልፍበት ቀዳዳ ተቆረጠ። መግቢያው ውስጥ በቁመቱ ሲሶ ላይ የላሜራ መደርደሪያ ገባ፤ ማገዶው ከላይ ይተኛል፣ አየር ከሥር ይገባል። ይህን መደርደሪያ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ማገዶው የአየሩን መንገድ ሲዘጋው እሳቱ ይታፈናል።

በቱቦላሬውና በጣሳው መካከል ያለው ክፍተት መጀመሪያ በአሸዋ ተሞላ። አሸዋ ከባድ ነው፤ ሙቀቱን ራሱ ስለሚጠጣው ምድጃው ቶሎ አልግል ብሎ ጨሰ። አሸዋው ወጥቶ የተነፋ ደረቅ አመድ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ ሲገባ እሳቱ ጠራ።

የድስት ማስቀመጫዎቹ ሦስት የፌሮ ቁራጮች ናቸው። ቁመታቸው በግምት አይሠራም። የእሳት መውጫው ስፋት 10 በ10፣ ማለትም 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአፉ ዙሪያ 40 ሴንቲ ሜትር። መቶን ለአርባ ሲያካፍሉት 2.5 ይመጣል፤ ድስቱ ከአፉ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ጭሱ በማገዶ መግቢያው ይመለሳል፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሙቀቱ ድስቱን ሳይነካ ይበተናል። ማገዶው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ ባህር ዛፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙጫ ያለበት ቺፑድና ቀለም የተቀባ ጣውላ መርዛማ ጭስ ስላላቸው አይገቡም። ምድጃው አሁን የሚነደው በረንዳው ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ነው።