ስለቴ ደረሰ

ለቁልቢው ገብርኤል ተስዬ ነበር። «ከሰማኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ። ይኸው ቃሌን ልፈጽም።

ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። መጀመሪያ የጣለው የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ለእረፍት ቤት በመጣሁ ሰሞን ነው። ሌሊት ነበር። ጭንቅላቱን ደግፌ «አምላኬ፣ እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» አልኩ። ጥያቄም ነበር፣ ጸሎትም።

ጠበል ወሰድነው። አንድ ሰው «ክኒን ከዋጠ ጠበሉ አይሠራም» አለን። እናቴ ልታስቆመው ምንም አልቀራት። የንስሐ አባታችን ግን «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፤ ሁለቱንም ያዙ» አሉ። እድሜ ይስጥልኝ፣ ወንድሜን ያተረፈው ይህ ቃል ነው።

እኔ ደግሞ ማንበብ ያዝኩ። ሆጅኪንና ሃክስሊ የሚባሉ እንግሊዛውያን፣ ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የነርቭን የኤሌክትሪክ ምት በሒሳብ ጻፉት። ሶዲየም ይገባል፣ ፖታሲየም ይወጣል፣ ቮልቴጁ ይዘላል። የሴሉ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንደሚያጠራቅመው የሰርኪዩት ክፍል፣ እንደ ካፓሲተር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሰርኪዩት እኮ ነው! ወንድሜን ሲጥለው እልፍ ሴሎች ባንዴ ይተኩሳሉ። ለጸሎቴ መልስ መምጣት የጀመረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

መንገዱ ግን ዝግ ነበር። የውጭ ትምህርት 5 ቦታ አመልክቼ 5ቱም አልተቀበሉኝም። በ2013 ክረምት ኒውሮማች አካዳሚ የሚባል ተቋም በኢንተርኔት የሚሰጠው የ3 ሳምንት የአንጎል ሳይንስ ኮርስ መኖሩን ሰማሁ። ክፍያው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ነጻ እንዲያደርጉልኝ ጻፍኩ፤ የተሳልኩትም ያን ማታ ነው። ፈቀዱልኝ።

መብራት ሲጠፋ በስልኬ ኢንተርኔት፣ እናቴ ጧፍ ይዛልኝ ተማርኩ። የሆጅኪንና የሃክስሊን እኩልታ ፓይተን በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ጽፌ፣ ያ ምት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አለቀስኩ። እናቴ ደንግጣ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «እማዬ፣ የጠየቅኩትን አሳየኝ» አልኳት።

እዚያ የተዋወቅኩት አስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ዛሬ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ሥራዬ በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒዩተር ከመረጃ እንዲማር በማድረግ፣ የአንጎልን ሞገድ ማንበብ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ምልክቱን የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከሚመዘግበው ምርመራ፣ ከኢኢጂ ላይ መለየት ነው።

ወንድሜ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ሳይጥለው 2 ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ሐምሌ 19 አብረን ቁልቢ ሄድን። የስለቱን ጥላ የያዘው እሱ ነው። ዳገቱንም ቀድሞኝ ወጣ።