አልቆለፍ ያለው የቮልስ ኮፈን

በምሠራበት ቄራ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል የሆነች አንዲት ቮልስዋገን የፊት ኮፈኗ በሽቦ ታስሮ መጣች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኮፈኑ ወርዶ በቦታው ይቀመጣል እንጂ አይቆለፍም። ይህ ለሰሚው ትንሽ ብልሽት ሊመስል ይችላል፤ ቮልስን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ግን አይንቀውም። የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው፤ ኮፈኑም የሚታጠፈው በመስተዋቱ በኩል ስለሆነ የሚከፈተው አፉ ወደ ነፋሱ የዞረ ነው። መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ መቆለፊያው ቢለቅ፣ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ኮፈኑን ያነሣና ከፊት መስተዋቱ ጋር ያላትመዋል፤ አሽከርካሪውም መንገዱን የሚያይበት ቀዳዳ አይቀርለትም።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ነበረ። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የተሠሩት ቮልሶች የቤንዚን መሙያቸው እዚያው ኮፈኑ ሥር ነው። መሙያው ወደ ውጭ፣ ወደ ቀኝ ጎን የወጣው ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ኮፈኑም አጥሯል። ስለዚህ እኒህ አባት ነዳጅ ማደያ በገቡ ቁጥር ሽቦውን ይፈቱና ካስሞሉ በኋላ እንደገና በፒንሳ ጠምዝዘው ያስሩት ነበር።

«ቀለም ካስቀባኋት ወዲህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በሌላ ጋራዥ ላሜራዋ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተለብጦ አዲስ ቀለም ተቀብታለች፤ በኮፈኑ ዙሪያ የነበረው አሮጌ ጎማም ወጥቶ በአዲስ ተተክቷል። ከዚያ በኋላ ኮፈኑ አልይዝ ሲል «መቆለፊያው ሞቷል፣ ሌላ ይፈልጉ» ስለተባሉ፣ ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ መቆለፊያ ገዝተው በፌስታል ይዘው ነበር የመጡት።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ዕቃውን ከፌስታሉ አውጥቶ ወዲያውኑ ሊቀይረው ተነሣ። ትጉህ ልጅ ነው፤ የሽማግሌውንም ጊዜ ማባከን አልፈለገም። እኔ ግን በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚፈታ ቡሎን ሊኖር አይገባም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ለብዙ ዓመታት ያልተነካ ቡሎን ሲፈታ ሊቆረጥ ይችላል፤ ላሜራውም አብሮት ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ «መጀመሪያ ያለውን እንፈትሸው» አልኩት።

የዚህ መቆለፊያ አሠራር ለማየት አስቸጋሪ አይደለም። ከኮፈኑ ጫፍ በታች ሞላ የለበሰ አጭር ዘንግ ተንጠልጥሏል። ከታች በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ደግሞ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ሥር በራሱ ሞላ የሚመለስ ተንሸራታች ምላስ ይገኛል። ዘንጉ ሲወርድ ምላሱን ገፍቶ ያልፋል፤ ምላሱም ተመልሶ አንገቱን ይይዘዋል። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው መጎተቻ ሲሳብ ቀጭን ካቦ ምላሱን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ዘንጉም ነፃ ይወጣና ሞላው ኮፈኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህንን ሁሉ ኮፈኑ ተከፍቶ እያለ በእጅ መፈተን ይቻላል። የካቻቪቴ ጫፍ ወደ ቀዳዳው አስገብቼ ምላሱን ወደ ጎን ከገፋሁት በኋላ ለቀቅሁት። እንደ ደንቡ ጠቅ ብሎ መመለስ ሲገባው፣ እጅግ በዝግታ ተንቀሳቅሶ መንገድ ላይ ቆመ።

በባትሪ ብርሃን ስናየው የስቱኮ ብናኝና የቀለም ቅሪት በመንሸራተቻው ውስጥ ደርቆ ተጋግሯል። ካቦውም ከቀለም ቅቡ በኋላ ሲታሰር ከልክ በላይ ተወጥሮ ስለነበር ምላሱን ገና ሳይጎተት በከፊል ከፍቶ ይዞታል። የካቦውን ማሰሪያ አላላንና ቆሻሻውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠብን። የነዳጁ ታንክ ከጎን ስለሆነ ቤንዚንም ሆነ ብልጭታ የሚፈጥር ነገር በዚያ ቦታ እንዲቀርብ አልፈቅድም፤ ቀለም ለማንሣት ሲሉ በዚያ አካባቢ መፍጫ የሚያስነሡ ሰዎችን አይቻለሁና ይህን ሳልናገር ማለፍ አልሻም። ሲደርቅ ጥቂት ግራሶ ቀባነው፤ ምላሱም በካቻቪቴ ሲገፋ ወዲያው የሚመለስ ሆነ።

ልጁ በዚህ ተደስቶ ኮፈኑን ለመሞከር ሁለት እጁን አንሥቶ ወደ ታች ሊለቀው ሲል፣ ከሥር ደግፌ ያዝኩት። ያላላነው የካቦ ማሰሪያ ገና አልጠበቀም ነበር። በዚያ ሁኔታ ኮፈኑ ቢወርድ ምናልባት በደንብ ይቆለፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መጎተቻው ሲሳብ ካቦው ከማሰሪያው ሾልኮ ባዶውን ይመጣል፣ ምላሱም ካለበት አይነቃነቅም። መቆለፊያው የሚገኘው ከተዘጋው ኮፈን ሥር ስለሆነ እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። የቀረው መንገድ ከፓራውልቱ፣ ማለት ከፊት መከላከያው፣ በኩል በመሣሪያ መቆፈር ወይም ገና አዲስ ቀለም የተቀባውን ላሜራ መብሳት ነው። የነዳጅ መሙያውም አብሮ ይዘጋል፤ መኪናዋ ባላት ቤንዚን ብቻ ትቀራለች። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ሁሉ በሌላ ጥንቃቄ ነበር የሚሠራው።

የካቦውን ማሰሪያ ጥቂት ልቅነት ትተንለት አጠበቅነው፤ አንዱ ከውስጥ መጎተቻውን ሲስብ ሌላው የምላሱን እንቅስቃሴ ከፊት ተመለከተ። ከዚህ በተጨማሪ በምላሱ ላይ ቀጭን ሽቦ አስረን ጫፉን በፋናሉ (በፊት መብራቱ) ጎን ወደ ውጭ አወጣነው፤ ካቦው ቢከዳን ኮፈኑን የምንከፍትበት ሌላ መንገድ እንዲኖረን ነው።

ኮፈኑን ስናወርደው አሁንም አልያዘም። ይህ አላስገረመኝም፤ ቀለም ሲቀባ ኮፈኑ ከማጠፊያው ወርዶ ስለነበረ ሲመለስ ቦታውን መሳቱ የሚጠበቅ ነው። በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል አለመሆኑ በዓይን ይታይ ነበር። የዘንጉን ጫፍ ግራሶ ቀብተን ኮፈኑን ቀስ ብለን አውርደን ስናነሣው፣ የግራሶው ምልክት በቀዳዳው ከንፈር ላይ እንጂ በመካከሉ አላረፈም። የማጠፊያው ቡሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሰፋ ያሉ ስለሆኑ፣ ቡሎኖቹን ሳናወልቅ አላልተን ኮፈኑን ወደ ቀኝ ገፋነውና መልሰን አጠበቅን። ከዚያ በኋላ ምልክቱ መካከል ላይ አረፈ።

የቀረው አዲሱ ጎማ ነበር። ገና ስላልተጫነ ወፍራም ነው፤ ኮፈኑን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ዘንጉ ምላሱ ድረስ አይደርስም። አንዳንዶች በዚህ ጊዜ በጉልበታቸው ይጫኑታል፤ ላሜራውም ይጎብጥና ሌላ ቅጥቀጣ ይጠይቃል። የዘንጉ ርዝመት ግን የሚስተካከል ነው። ማጥበቂያው ዳዶ ላላ ተደርጎ ዘንጉ በካቻቪቴ ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጥቂት አስረዘምነውና ዳዶውን አጠበቅን። ኮፈኑ በመዳፍ ሲጫን ያዘ፤ መጎተቻው ሲሳብም ተከፈተ።

በምላሱ ላይ ያሰርነውን ሽቦ ከመፍታታችን በፊት የጥንቃቄ መንጠቆውንም አየሁት። ዋናው መቆለፊያ ቢለቅ ኮፈኑ እንዳይነሣ የሚይዘው እርሱ ብቻ ነው። በቀለም ተጣብቆ ቆሞ ነበር፤ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ለዚህ መንጠቆ የበለጠ ጊዜ ሰጠሁ። ቀለሙን ፍቀን፣ ዘይት አጠጥተን፣ ሞላው በራሱ እስኪመልሰው ድረስ አላቆምንም።

ሽማግሌው በፌስታል ያመጡትን መቆለፊያ ከነባሩ ጎን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ከኋለኛው ዘመን ሞዴል የወጣ ስለነበር ማሰሪያው እንኳ አይገጥምም። «ጋሼ፣ የእርስዎ አልሞተም፤ ታፍኖ ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም ሻጩ የሚመልስላቸው ከሆነ ሊጠይቁ ፌስታሉን ይዘው ሄዱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮብልስቶን ላይ ኮፈኑ እንደሚንኳኳ ነግረውን ተመልሰው መጡ። ጎማው ተጭኖ ሳስቷል፤ የረዘመው ዘንግም ኮፈኑን ልል አድርጎታል። በዚህ ጊዜ የሠራው ልጁ ብቻውን ነበር። ዘንጉን ግማሽ ዙር አሳጥሮ ዳዶውን አጠበቀና፣ ኮፈኑን ከመልቀቁ በፊት ምላሱን በካቻቪቴ ገፍቶ ሲመለስ አየ፤ ሽማግሌውንም «ጋሼ፣ እስኪ ከውስጥ ይሳቡልኝ» አላቸው።