ምርቃት የተሳለባቸው ሳህኖች

ቻይና፣ ጂንግዴዠን ከተማ ውስጥ ሸክላ ያልገባበት ነገር የለም። የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ሳይቀሩ ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን ለብሰዋል። መጀመሪያ ሳየው በዛ አልኩ። ግን ይገባቸዋል፤ ይቺ የጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ከተማ በሚንግና በቺንግ ነገሥታት ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ስትሠራ የኖረች ናት።

የንጉሠ ነገሥቱ የሸክላ ምድጃዎች በነበሩበት ሰፈር አሁን ሙዚየም አለ። ሕንፃው የድሮ ምድጃ ቅርጽ ያላቸው ረጃጅም የጡብ ቅስቶች ነው። ከሳህኖቹ ብዙዎቹ ስብርባሪያቸው ተለቅሞ የተገጣጠሙ ናቸው። ለንጉሡ ተሠርቶ እንከን የተገኘበት ዕቃ ተራ ሰው እጅ እንዳይገባ እዚያው ተሰብሮ ይቀበር ነበር። እንከኑን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ሥዕሎቹ ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። በንጉሠ ነገሥት ሹዋንዴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1426–1435) በተለመደው አሣሣል መሃሉ ላይ አበባ፣ ዙሪያውን ሮማን፣ ወይንና ሎተስ አለ። ጌጥ ብቻ ይመስላል። ለእነሱ ግን እያንዳንዱ ተክል ምርቃት ነው። ሮማን ብዙ ጊዜ የሚሳለው ተሰንጥቆ፣ ፍሬው እየታየ ነው፤ ልጅ ይብዛላችሁ ማለት ነው። ሎተስ የውኃ አበባ ነው፤ ከጭቃ ወጥቶ ጭቃ አይነካውም፤ ንጽሕና ማለት ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ዡ ዱንዪ ፒዮኒን የባለጠጎች አበባ ብሎ ትቶ ሎተስን እንደሚወድ ጽፏል። ሠዓሊዎቹ ሁለቱንም ይስላሉ፤ ሀብት ማን ይጠላል?

እኔ የወደድኩት ጥድ፣ ቀርከሃና ፕሪም አንድ ላይ የሚሳሉበትን ነው። የብርድ ወራት ሦስቱ ወዳጆች ይሏቸዋል። ጥድና ቀርከሃ በብርድ ቅጠላቸው አይረግፍም። ፕሪም ደግሞ ገና ብርዱ ሳይወጣ፣ ቅጠል በሌለው ቅርንጫፍ ላይ ያብባል። በክፉ ቀን ለማይናወጥ ሰው የሚሰጥ ምስጋና ነው።

ከሰዓት ገበያ ወጣሁ። አንዷን ሳህን ሳነሳ ነጋዴዋ ስልኳን አወጣች፤ የስልኩ አስተርጓሚ በእንግሊዝኛ "ለማን ነው?" አለኝ። ለእናቴ አልኩ። ሳቀችና ሮማን የተሳለበትን ሳህን ከእጄ ተቀብላ መለሰችው። በምትኩ ኮክ ያለበት አመጣች። ኮክ ረጅም ዕድሜ ነው። በአፈ ታሪካቸው የምዕራቧ ንግሥት እናት የአትክልት ቦታ ውስጥ በ3000 ዓመት አንዴ የሚበስል ኮክ አለ፤ የበላው አይሞትም።

ሳህኑ አዲስ ነው፤ አሣሣሉ ግን የንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1723–1735) ነው። ቅርንጫፉ ከሳህኑ ጀርባ ተነስቶ ጠርዙን ይሻገርና ውስጥ ገብቶ ይዘረጋል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አበባውም የበሰለው ፍሬም አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ የወቅት ጉዳይ አላስጨነቃቸውም። አገላብጬ አየሁና ወሰድኩት። ዋጋ ቀንሺልኝ ስላት ግን ስልኳን መልሳ ኪሷ ከተተችው።